ባሕሩ ትንሽ ራቅ ይላል

ፀሐይ ሲያግለው የዋለ ሲሚንቶ ላይ ድንገት ዝናብ ሲወርድበት የሚወጣ ሽታ አለ። የአፈር አይደለም፣ የድንጋይም አይደለም፤ ትንሽ ብረት ብረት፣ ትንሽ አቧራ አቧራ ይላል። ባለፈው ቅዳሜ ፍራንክፈርት፣ ቦናመስ ውስጥ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሄደን ሳለ ይኸው ሽታ ተነሣብኝ። አውሮፕላን ካረፈበት ብዙ ዘመኑ ነው። ግማሹን መንደርደሪያ አፈራርሰው ለሣርና ለኩሬ ትተውታል፤ በቀረው ላይ ሰው ይንሸራሸርበታል። ልጄ ባለጎማ መንሸራተቻ ጫማዋን አድርጋ ወዲያ ወዲህ ትበራለች። እኔ ዛፍ ሥር ተጠልያለሁ። ከኩሬው በኩል እንቁራሪቶቹ ማኅሌት ቆመዋል።

ማኅሌት ቆመዋል ማለት የኔ አነጋገር አይደለም። እኔ ጴንጤ ቤት ያደግኩ ነኝ፤ ማኅሌት እንዴት እንደሚቆም እንኳ አይቼ አላውቅም። አነጋገሩ የእሱ ነው። ከእሱ የተረፈኝ ነገር ቢኖር እንዲህ ያለው ጥቃቅኑ ነው። ልጄ ከሩቅ "ማማ፣ ኮም!" ብላ ጠራችኝ። በአማርኛ አናግራታለሁ፣ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች፤ እንዲህ ሆነን ነው የምንኖረው። ነይ ስትለኝ ግን እግሬ አልታዘዘኝም። አፍንጫዬ ቀድሞኝ ወደ ወጣትነቴ ሄዷል።

እሱን ሁላችንም ዲያቆኑ ነበር የምንለው። ጎጃም ውስጥ ልጅ ሆኖ ድቁና ተቀብሎ፣ በኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ስለ ከርሰ ምድር ውኃ ሲማር ቆይቶ ስደት ያመጣው ልጅ ነበር። በየት በኩል እንደመጣ ብጠይቀው "በእግዚአብሔር በኩል" አለኝና ዳግመኛ አልጠየቅኩትም። ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት በኋላ ኤርፖርት አውሮፕላን ያጸዳል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። እኔ ደግሞ አዋሳ ሁለት ዓመት የፋርማሲ ኮሌጅ ተምሬ፣ ቦናመስ የምትኖረው አክስቴ ጋ ነበር የመጣሁት።

ሁለታችንም ኮሌጅ የተማርነውን ቆጥረውልን ቀጥ ብለን ዩኒቨርሲቲ የምንገባ መስሎን ነበር። የተማራችሁት ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም ተባልን። መጀመሪያ ሽቱዲየንኮሌግ የሚሉት መሰናዶ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ መጨረሻ ላይ ፈተናውን ማለፍ ያስፈልጋል። እዚያ ላይ ነው ጉዱ። ፈተናው ወደፊት በሚማሩት ትምህርት ብቻ አልነበረም። መድኃኒት ቀማሚ የሚሆነውም፣ ድንጋይ የሚያጠናውም፣ ሁሉም የጀርመንኛውን የቃል ፈተና ማለፍ አለበት። አንድ ጽሑፍ ይሰጡሃል፤ አንብበህ መምህራኑ ፊት ትቀመጥና ስለ ሰው ኑሮ፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ትምህርት ትወያያለህ። ሒሳቡንና ኬሚስትሪውን ብትደፍን፣ ይህችን ከወደቅክ ዩኒቨርሲቲ የለም።

የሚፈልጉት ደግሞ ማይኑንግ ነው፤ የራስ አስተያየት። እኛ በዕድሜያችን ተጠይቀን የማናውቀውን ነገር። አገር ቤት ጎበዝ የሚባለው መምህሩ ያጻፈውን ሸምድዶ እሱኑ ሳያጎድል የሚመልስ ነው። በዚያ ሙያ ማንም አይደርስብንም ነበር። እዚሁ መንደርደሪያ ላይ ነበር የምናጠናው፤ እንደ አገራችን፣ እየተራመድን፣ ድምፅ አውጥተን። እሱ ከአንዱ ጫፍ፣ እኔ ከሌላው ጫፍ እንነሣና የየራሳችንን እየተወጣን መሐል ላይ እንገናኛለን። ውሻ የሚያንሸራሽሩት ጀርመኖች መንገድ እየለቀቁ ያሳልፉን ነበር። እብድ ሳንመስላቸው አልቀረንም።

ያ ፀደይ አሁንም በሕልሜ ይመጣል። ከዛፎቹ የሚረግፈው ነጭ ጥጥ በአየሩ ላይ ሲንሳፈፍ፣ ኒዳ ወንዝ ከሸንበቆው ኋላ ሳይሰማ ሲያልፍ፣ እሱ ከሩቅ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወደኔ ሲመጣ። በሕልሜ ሁልጊዜ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው የምነቃው። መሐል ላይ ስንገናኝ ደብተሩን ያጥፍና "በይ አሁን እኔ የኔታ ነኝ፤ ተቃወሚኝ" ይለኛል።

የኔታ የሚላቸው የጀርመንኛ አስተማሪያችንን ነበር። ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ክርናቸው ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ሹራብ የሚለብሱ፣ ሁልጊዜ የሳል ከረሜላ የሚሸቱ ሽማግሌ ነበሩ። ሰሌዳውን ራሳቸው በእርጥብ ስፖንጅ ካላጠቡ ደስ አይላቸውም። እሳቸው ሲገቡ ዲያቆኑ ብድግ ይላል፤ ካሜሩኖቹና ቬትናሞቹ ይስቁበታል። አንድ ቀን እሳቸው ራሳቸው ለምን እንደሚነሣ ቢጠይቁት፣ ሽማግሌ ቆሞ ወጣት አይቀመጥም አላቸው። ከዚያ ወዲያ ገና በሩ ላይ ሆነው በእጃቸው ተቀመጥ ይሉታል፤ እሱ ግን ከመነሣቱ አይቀርም።

እኔን ግን ልክ አስገብቶኛል። የየኔታን ድምፅ አውጥቶ፣ የማይረባ ነገር እየተናገረ፣ እስክከራከረው ድረስ አይለቀኝም። አንድ ቀን ተራዬ ደረሰና እኔ የኔታ ሆንኩ። ድንጋይ የሚያጠና ሰው ይህ ሁሉ ግጥምና ታሪክ ምን ያደርግለታል፣ ዝም ብሎ ድንጋዩን አይቆፍርም ወይ አልኩት። እንደዚያ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። "ድንጋይም እኮ ታሪክ ነው" አለኝ። "ማንበብ የማይወድ ሰው ድንጋዩን ምን ብሎ ሊያነበው ነው?" በልጅነቱ ጉድጓድ ቆፋሪዎች መንደራቸው መጥተው፣ ከመሬት ሆድ ያወጡትን እርጥብ ድንጋይ መዳፉ ላይ አስቀምጠውለት ነበር። ይህ ውኃ ከአያትህ አያት በፊት የዘነበ ነው አሉት። ጂኦሎጂ ልማር ያለው ያን ቀን ነው። ይህን ሲነግረኝ መዳፉን ዘርግቶ ነበር፤ ድንጋዩ አሁንም እዚያ ላይ ያለ መሰለኝ።

እሁድ እሁድ እሱ ከቅዳሴ፣ እኔ ከጸሎት አዳራሻችን ስንወጣ፣ በእርሻው መሐል አቋርጠን በእግራችን ሪድበርግ እንወጣለን። ዩኒቨርሲቲው ለሳይንስ ተማሪዎች ያሠራው ግቢ እዚያ ነው። እሁድ ሰው የለም። ሕንፃዎቹ ዙሪያ እንዞርና በመስታወቱ ወደ ውስጥ እናያለን፤ ብልቃጥ፣ ወንበር ላይ የተረሳ ነጭ ጋውን፣ መደርደሪያ ላይ የተደረደረ ድንጋይ። እሱ ድንጋይ ያለበትን አንዱን መስኮት የኔ ነው ብሎ ያዘው። እኔም ከፋርማሲው በኩል አንድ መስኮት ያዝኩ። ፍቅር ነበር ወይ ብትሉኝ፣ አዎ ነበር። ያልተነገረ ስለሆነ ስሙን ሳንሰጠው ቀረን እንጂ ነበር።

ፈተናው በጋ መግቢያ ላይ ሆነ። ኮሪደሩ የወለል ሰም ይሸታል፤ በተከፈተው መስኮት ያበበ ዛፍ የማር ሽታ ይልክብናል። ዲያቆኑ ከኔ በፊት ገባ። ከበሩ ውጭ ቆሜ ድምፃቸውን እንጂ ቃሉን አልሰማም። ሲወጣ ፊቱ አብርቷል።

"ግሩም ሰው ናቸው" አለኝ። "በሁሉም ነገር ተስማማን።"

ክው አልኩ። ምን ጠየቁህ አልኩት። የኔታ ጽሑፉን ካስነበቡት በኋላ፣ ጂኦሎጂ የሚማር ሰው ሥነ ጽሑፍና ታሪክ መማሩ ጊዜ ማባከን ነው፣ አይደለም ወይ ብለውታል። በመንደርደሪያው ላይ ያ ሁሉ የተቆጣበት ጥያቄ። እሱ መሬት መሬት እያየ፣ እጁን አጣምሮ፣ እንዳሉት ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው ብሏቸዋል። አጥብቀው ቢጠይቁት አጥብቆ ተስማምቷል። "ምን ልበል ታዲያ፣ ሽማግሌ ሰው" አለኝ፤ አሁንም ፈገግ እንዳለ። ወዲያው ስሜ ተጠራ።

ለኔም እንደዚያው አሉኝ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ሰው ምን ያደርጋል፣ ማሽን ቆጥሮ ቢሰጥ አይበልጥም ወይ አሉ። ዓይናቸውን ማየት አቅቶኝ የከረሜላ ቆርቆሯቸውን እያየሁ፣ አይ አልኳቸው። ሕመምተኛ ከኪኒኑ በፊት የሚያናግረው ሰው ይፈልጋል አልኩ። ዲያቆኑ መንደርደሪያው ላይ ያስተማረኝን ክርክር ሁሉ አፈሰስኩት።

እኔ አለፍኩ፣ እሱ ወደቀ። የኔታ ራሳቸው ኮሪደር ድረስ መጥተው አናገሩት። እንድትቃወመኝ ብዬ ነበር የጠየቅኩህ አሉት። "ጀርመንኛህ ልክ ነው። የተናገርከው ግን የኔን ነው፤ ያንተን አልሰማሁም።" በክረምቱ አንድ ጊዜ መድገም ይፈቀድለታል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የለም። እሱ ጎንበስ ብሎ አመሰገናቸው። መውደቁ እንኳ የገባው አይመስልም ነበር።

በባቡሩ ስንመለስ ነው የገባው። የኔታ ቢሳሳቱ ስሕተቱ የሳቸው ነው፣ ተማሪ አያርምም፣ እንዲህ ነው ያደግኩት አለኝ። ደግሞም ዝም አይነቅዝም አለ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል አልኩት። "ደጃዝማችነቱስ ይቅርብኝ" አለና የቀረውን ሳይጨርሰው በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሺሽት፣ የሥራ ተራ ማለት ነው፣ ነበረው፤ ሌሎች የበረሩበትን አውሮፕላን ሊያጸዳ ሄደ።

አክስቴን የምታውቋት ብትሆኑ ቀጥሎ በሆነው ነገር አትገረሙም። ዕድሜዋን በሙሉ አልተንሃይም በሚሉት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አዛውንት ስታጥብና ስታነሣ የኖረች፣ እሁድ ደግሞ በተከራየነው አዳራሽ የሴቶችን ጸሎት የምትመራ፣ ቀጥ ያለች ሴት ነበረች። ቤታችን ስልክ እየደወለ የሚጠይቀኝ ኦርቶዶክስ ዲያቆን ደስ እንደማይላት አልደበቀችኝም። የወደቀበትን ምክንያት ስነግራት ግን፣ የሚያስፈራው ሽማግሌ ከሆነ እኔ አለሁ አይደል፣ አምጪው አለችኝ።

በክረምቱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ። ቤታችን ከሰፈሩ ፎቆች በአንዱ ላይኛው ክፍል ነበር፤ በመስኮቱ የከተማው ማማዎች ግማሽ ግማሻቸው በጉም ተውጠው ይታያሉ። አክስቴ ገና ከሥራ መግባቷ ነው። እንደልማዷ ሳፋ ውስጥ የሞቀ ውኃ አድርጋ፣ ጨው ነስንሳ፣ እግሯን ነክራ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። ውኃው ትንሽ ትንሽ ይተንናል። ዲያቆኑ ይህን ሲያይ ለመቀመጥም አፈረ። ከፊቷ ወንበር ላይ አስቀመጥነው፤ ግማሽ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ፈተናው ይጀመር አለች አክስቴ፣ በአልተንሃይም ጀርመንኛዋ። ፍራንክፈርት ባሕር ዳርቻ ያለች ቆንጆ ከተማ ናት፣ አይደለችም ወይ አለችው።

ዲያቆኑ ተጨነቀ። እኔን አየ፣ መስኮቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አዎ እትዬ" አለ። "ባሕሩ ትንሽ ራቅ ይላል እንጂ።"

እኔ ኩሽና ገብቼ ነው የሳቅኩት። አክስቴ አልሳቀችም። እንደገና፣ እንደገና ጠየቀችው። ድንች ዛፍ ላይ ይበቅላል አለችው፤ አንዳንዱ ከመሬትም አይጠፋም አለ። አልሆነም። በመጨረሻ አክስቴ ብልሃት ዘየደች። ከጎኗ መጽሐፍ ቅዱሷን አስቀምጣ፣ ጾም የሚባለው ነገር ጥቅም የለውም፣ እግዚአብሔር ሆድ አይቈጥርም አለችው። እንዲህ አታምንም፤ እሷም ስትጾም አውቃለሁ። ዲያቆኑ ፊቱ ተለወጠ። እጁን ከጉልበቱ ላይ አነሣ፣ ቀና አለ፣ የአክስቴን ዓይን አየ።

"ዳ ቢን ኢሽ አንደረር ማይኑንግ" አለ። በዚህ ላይ የኔ አስተያየት ሌላ ነው ማለት ነው። ከዚያ ለምን እንደሆነ አስረዳት፤ በቀስታ፣ በአክብሮት፣ ግን ሳያቋርጥ። ድምፁ እንደ መንደርደሪያው ጊዜ ሆነ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። አክስቴ እስኪጨርስ ሰማችውና አልፈሃል አለችው።

ምነው እዚያ ላይ ባበቃ። አክስቴ እግሯን ሳፋው ውስጥ አንቀሳቀሰች። ከዚያ በአማርኛ፣ ረጋ ብላ ተናገረች።

"እንግዲህ ሁለታችሁም ዩኒቨርሲቲ ልትገቡ ነው። አንተ በእምነትህ፣ እሷም በእምነቷ ናችሁ። ከአሁኑ ብትራራቁ ይሻላችኋል፤ አይደለም እንዴ ልጄ?"

የማሞቂያው ቧንቧ ሲንጫጫ ይሰማኛል። እኔ ያንን የጀርመንኛ ዓረፍተ ነገር ጠበቅኩ። አሁን ያውቀዋል፤ ቅድም ከአፉ የወጣ ነው። ዲያቆኑ ወደ ሳፋው አጎነበሰ።

"እንዳሉት ነው እትዬ" አለ።

ከዚያ ተነሣና ከማፍያው ሞቅ ያለ ውኃ አምጥቶ፣ እግሯን እንዳያቃጥላት በእጁ እየለካ ጨመረላት። እኔም ብሆን ማይኑንጌን ዋጥኩት። ፈተና ያለፍኩት እኔ ነበርኩ፤ ግን በአማርኛ አልነበረም።

ፈተናውን አለፈ። የኔታ ምን እንዳሉትና ምን እንደመለሰላቸው በስልክ ሲነግረኝ እንደ ልጅ ይስቅ ነበር። ሳይስማማ ሲቀር እሳቸው ብድግ ብለው እጁን ጨበጡት፤ ሽማግሌ ተነሥቶልኝ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ ብሎ አፈረ። ሪድበርግም ተቀብሎት እንደነበር የሰማሁት ግን በኋላ፣ ከሌላ ሰው ነው። እሱ የሰሜኑን መረጠ፤ ባሕር ያለበትን ከተማ።

ዋናው ባቡር ጣቢያ ሸኘሁት። እርግቦቹ ከጣሪያው ብረት ሥር ይበራሉ፤ ብርሃኑ በመስታወቱ እየተጣራ አቧራው ላይ ይወርዳል። ብዙ አልተነጋገርንም። መስኮቴን ጠብቂልኝ አለኝ። ባቡሩ በሩን ሊዘጋ ሲል ደግሞ አንገቱን ብቅ አደረገ።

"ለእትዬ ንገሪልኝ" አለ፤ "ባሕሩ በእውነት ትንሽ ራቅ ይላል።"

አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። አንድ ሁለት ዓመት በበዓል ቀን እንደዋወል ነበር፤ ቀስ በቀስ እሱም ቀረ። እኔ ሪድበርግ በተማርኩባቸው ዓመታት ያንን መስኮት አልፌ ነው የምሄደው። በክረምት ቶሎ ሲጨልም መብራት ይበራበታል፤ ውስጥ ሌላ ተማሪ አጎንብሶ ድንጋይ ሲያገላብጥ አያለሁ። ደህና ነው፣ ሰው አለበት እላለሁ ለራሴ። ዛሬ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሰው ከኪኒኑ በፊት የሚያናግረው ይፈልጋል ያልኩት እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ልጄን ይዤ አክስቴ ጋ ሄድኩ። ዛሬ እሷ ራሷ አልተንሃይም ናት፤ ሌሎች ያጥቧታል፣ ሌሎች ያነሷታል። እግሯ ያብጣል። ስሄድ ሳፋውን በሞቀ ውኃ እሞላና ጨው እነሰንስላታለሁ። የት ዋላችሁ አለችኝ። መንደርደሪያው ጋ አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

"ያ ዲያቆን" አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። "ያን ቀን ፈተናው እኮ አላለቀም ነበር። ያ የመጨረሻው ጥያቄ ነበር። ጾሙን ሲከራከረኝ ወድጄው፣ ላንቺም እንዲህ ይከራከር እንደሆነ ልየው ብዬ ነው። አንዲት ጊዜ እምቢ ቢለኝ አንቺን እሰጠው ነበር።"

መስኮቱ ላይ የዝናቡ ጠብታ ይወርዳል። ልጄ ጥግ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ጎማ በጣቷ ታሽከረክራለች።

"በደልኩሽ" አለች አክስቴ፤ "አይደለም እንዴ?"

አየኋት። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ እጇ ብርድ ልብሱን ጨብጧል። መልሴን እየጠበቀች ነበር።

"ዳ ቢን ኢሽ አንደረር ማይኑንግ" አልኳት።

ልጄ ጀርመንኛ ስናገር ሰምታ ቀና አለች። አክስቴም ፈገግ አለች፤ ትመን አትመን አላውቅም። ውኃው በርዶ ነበርና ተነሥቼ፣ በእጄ እየለካሁ፣ ሞቅ ያለ ጨመርኩላት።